የአታክልት ሥፍራና የዓይን ብርሃን፤ ስለ ሙሴ ሞኔ ሥዕልና ስለ ሃረና ጭጋግ

ቤቱን በሚገባ የሚያስተዳድር ሰው ስለ እህሉና ስለ ልብሱ እንደሚያስብ ሁሉ፤ በግድግዳው ላይ ሰቅሎ ዘወትር በልጆቹ ዓይን ፊት ስለሚያኖረው ነገርም ሊያስብ ይገባዋል። ይህንን ያልንበት ምክንያት፤ በጎባ ከተማ ባለው ቤታችን የተሰቀለ አንድ ሥዕል፤ ከአጠገባችን እያለ ሳናስተውለው የቆየነውን የእናታችንን ጭንቀት እንድናውቅ ስለ ረዳን ነው። ነገሩ ለሌላውም ቤተ ሰብ ይጠቅማል ብለን ስለ አመንን፤ ስለ ሥዕሉና ስለ ሠዓሊው የምናውቀውን፤ በቤታችንም የሆነውን አያይዘን ለክቡራን አንባቢዎቻችን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

የእኛው ሥዕል ዋናው አይደለም፤ ልጃችን ከአሮጌ የዘመን መቁጠሪያ ቆርጣ በመስተዋት ክፈፍ ያስገባችው የወረቀት ቅጂ ነው። ዋናው በሸራ ላይ በዘይት ቀለም የተሣለ፤ ቁመቱም ወርዱም ወደ 90 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሲሆን፤ በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ በብሔራዊው የሥዕል ቤት ይገኛል። የሣለው ክሎድ ሞኔ የሚባል የፈረንሣይ ሠዓሊ ሲሆን፤ ዘመኑም በአውሮጳ አቆጣጠር 1899 ዓ.ም. ነው። ከዚህ በታች ስለ አውሮጳ ነገር የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በዚያው በእነሱ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

በሥዕሉ ላይ የሚታየው ነገር ጥቂት ነው። አንድ ኩሬ፤ በኩሬው ላይ እንደ ቀስት የጎበጠ የእንጨት ድልድይ፤ ቅጠላቸውን በውሃው ላይ አንጥፈው ነጭና ሐምራዊ ያበቡ የውሃ አበቦች፤ ከበስተ ኋላም ጥቅጥቅ ብሎ የቆመ የአኻያ ዛፍና ልምላሜ ነው። ሰው የለበትም፤ ከብት የለበትም፤ ሰማይም እንኳ አይታይበትም ለማለት ይቻላል። ብርሃን ከላይ መምጣቱን የምናውቀው በአበቦቹና በድልድዩ ላይ ማረፉን አይተን ነው። አንድ ቀን ቡና ሊጠጡ ከቤታችን የመጡ የሥራ ባልደረባችን ወደ ሥዕሉ ቀረብ ብለው ከተመለከቱ በኋላ፤ «ይህ ሠዓሊ ሳይጨርሰው ሞቶ ይሆን?» ብለው ጠየቁን። በውነቱ ከቅርብ ለሚያየው ሰው የቀለም ነጠብጣብና ጭረት ብቻ ነው። አምስት እርምጃ ወደ ኋላ እንዲሉ ለመናቸው፤ በዚያን ጊዜ ግን ነጠብጣቡ ውሃ፤ ጭረቱም ቅጠል ሆኖ ታያቸውና ዝም ብለው ቆሙ።

እኛ በፍርድ ቤት የምስክር ቃል ስንጽፍ ብዙ ዓመት ያሳለፍን ነን። ምስክር በቀረበ ጊዜ ዳኛው አስቀድመው የሚጠይቁት፤ «የምትናገረው በዓይንህ ያየኸውን ነው ወይስ የሰማኸውን?» ብለው ነው። ቀጥሎም፤ «በስንት ሰዓት ነበር? ፀሐይ ወጥታ ነበርን?» ይላሉ። ይህ ጥያቄ በከንቱ የሚጠየቅ አይደለም። አንድ ጊዜ በጠፋች በቅሎ ነገር ሁለት ምስክሮች ቀርበው፤ አንደኛው ጥቁር ነበረች፤ ሁለተኛው ዳማ ነበረች ብለው ተካሰሱ። በመጨረሻ ሲመረመር የፊተኛው ያያት ገና ጎሕ ሲቀድ፤ የኋለኛው ደግሞ በቀትር ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ሐሰት አልተናገሩም፤ የተለየችው በቅሎዋ ሳትሆን ሰዓቱ ነበር። ሙሴ ሞኔና ጓደኞቹም የጀመሩት የአሣሣል ሥርዓት እንደዚህ ካለው የምስክር ቃል ጋር የሚመሳሰል ነው። ስለ ዛፉ የሚያውቁትን ሳይሆን፤ ዛፉ በዚያች ሰዓት በዚያ ብርሃን ለዓይናቸው የታየውን ብቻ በሸራ ላይ ያኖሩ ነበር።

ክሎድ ሞኔ በ1840 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ተወልዶ፤ ለ ሃቭር በምትባለው የባሕር ወደብ አደገ። ከዚያ ዘመን አስቀድሞ የነበሩት የአውሮጳ ሠዓሊዎች ከውጭ ንድፍ አንሥተው፤ ዋናውን ሥራ በክፍላቸው ውስጥ ተቀምጠው መፈጸም ልማዳቸው ነበር። በ1841 ዓ.ም. ጆን ራንድ የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ በቆርቆሮ ቱቦ የሚታሸግ ቀለም ስለ አወጣ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ወደ ሜዳና ወደ ወንዝ ዳር ተሸክሞ መሄድ ቀላል ሆነ። እንዲህ ያለ ትንሽ ዕቃ ብዙ ነገር ይለውጣል። ሞኔና ባልንጀሮቹም በዚሁ ተጠቅመው ከፀሐይ በታች ይሥሉ ጀመር። በ1874 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ የራሳቸውን የሥዕል ትርኢት ባሳዩ ጊዜ፤ ሞኔ የለ ሃቭርን ወደብ በማለዳ የሣለበትን ሸራ «ኢምፕረሽን፤ የፀሐይ መውጣት» ብሎ ሰይሞት ነበር። ትርጓሜውም በመጀመሪያ እይታ በልብ ላይ የሚያርፍ ስሜት እንደ ማለት ነው። አንድ የጋዜጣ ጸሐፊ በዚህ ስም አፊዞ ሁሉንም «ኢምፕረሽኒስት» አላቸው፤ ለስድብ የተሰጠው ስም ግን ውሎ አድሮ የክብር ስማቸው ሆነ።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላደግን ለእኛ ይህ ነገር በመጀመሪያ እንግዳ ነበር። በአገራችን የቤተ መቅደስ ሥዕል ጥላ የለም፤ ማለዳም ማታም የለም። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይመለከተናል፤ ከሃዲው ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ ይታያል። ሠዓሊው የሚያሳየን ነገሩ በአንዲት ሰዓት የታየበትን መልክ ሳይሆን ለዘወትር የሚኖርበትን እውነት ነውና። የፈረንሣዊው ሥዕል ግን የሚያልፈውን ይዞ ያስቀራል። አንዱ ሌላውን አይሽረውም፤ ሁለቱም ምስክሮች ናቸው። ሞኔ በ1890ና በ1891 ዓ.ም. በሰፈሩ የነበረውን የእህል ክምር ወደ 25 ጊዜ ያህል ሣለው፤ ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር አንዱን ሸራ አኑሮ ሌላውን ያነሣ ነበር። ዛሬ ኮምባይነር ቢበዛም፤ በሮቤ ሜዳ ላይ የስንዴና የገብስ ክምር በማለዳ ውርጭ ለብሶ፤ በማታም እንደ ፍም ቀልቶ ያየ የባሌ ሰው ይህ ሥራ እንደ እብደት አይታየውም።

አሁን ወደ ኩሬው ሥዕል እንመለስ። ብዙ ሰው ሠዓሊው ያማረ ሥፍራ አግኝቶ የሣለው ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንደዚህ አይደለም። ኩሬውን ያስቆፈረው፤ ድልድዩንም ያሠራው፤ አበቦቹንም ያስተከለው ሞኔ ራሱ ነው። በ1883 ዓ.ም. ዢቬርኒ በምትባል መንደር ቤት ተከራይቶ ከቤተ ሰቡ ጋር ገባ፤ በ1890 ዓ.ም. ገዛው። በ1893 ዓ.ም. ከመንገዱ ማዶ ያለውን እርጥብ መሬት ጨምሮ ገዝቶ፤ ከአጠገቡ ካለው ትንሽ ወንዝ ውሃ ለመጥለፍ ለአውራጃው ገዥ ማመልከቻ አቀረበ። የመንደሩ ሰዎች ግን፤ ይህ ሰው የሚያመጣው የባዕድ አገር ተክል ውሃችንን ይመርዘዋል፤ ከብታችንንም ይጎዳብናል ብለው ተቃወሙት። እሱም ተክሎቹ ዓይንን ለማስደሰትና ለሥዕሉ መነሻ እንዲሆኑ እንጂ ለሌላ እንዳልሆኑ ለገዥው ጻፈ፤ በመጨረሻም ተፈቀደለት። በየቀኑ ስለ ውሃና ስለ ወሰን ማመልከቻ የሚቀርብላችሁ ክቡራን ሹማምንት ይህን ስታነቡ ፈገግ ሳትሉ አትቀሩም። ዛሬ በዓለም የታወቀው ሥዕል አስቀድሞ በአንድ መዝገብ ቤት የታየ የውሃ ጉዳይ ነበር።

አታክልቱም በራሱ አልቆመም። በኋላ ዘመን ስድስት ያህል አትክልተኞች ይሠሩበት ነበር፤ ከነሱም አንዱ የኩሬው ጠባቂ ሆኖ በጠዋት የውሃውን አበቦች ያጸዳ ነበር። በመንገዱ የሚያልፉት አውቶሞቢሎች አቧራ በአበቦቹ ላይ ስለ በተኑበት፤ ሞኔ ከገንዘቡ ከፍሎ መንገዱን በሬንጅ አስለበጠው። በኩሬው ዙሪያ አኻያና ቀርከሃ አስተከለ። ከዚህ በኋላ በየቀኑ ከኩሬው ዳር ይቀመጥ ነበር፤ ስለ ውሃ አበቦቹም ብቻ ወደ 250 የሚጠጉ ሸራዎች ሣለ። ከዚህ የምንማረው ነገር ግልጽ ነው። ሥዕሉ የተጀመረው በብሩሽ ሳይሆን በአካፋ ነው፤ አሣሣሉም የተገኘው አንድን ሥፍራ ሳይሰለቹ በየማለዳው ከመመልከት ነው።

ይህን ሁሉ ልጃችን በትምህርት ቤት ከተማረችውና እኛም ከመጽሐፍ ካገኘነው አጠራቅመን፤ አንድ ምሽት ለእናታችን ነገርናቸው። እናታችን የ74 ዓመት እድሜ ያላቸው፤ በወጣትነታቸው ከአባታችን ጋር በዶሎ መና የኖሩና የሃረናን መንገድ በበቅሎ የሚያውቁት ናቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፤ «ሰውዬው በከንቱ ደክሟል፤ ሃረና ቢመጣ ኖሮ ቀርከሃውንም ውሃውንም ያለ ማመልከቻ ያገኘው ነበር» አሉን። ሁላችንም ሳቅን። ነገር ግን ወደ ግድግዳው ቀና ብለው ሥዕሉን ከተመለከቱ በኋላ፤ «ደግሞስ ምነው ሁሉን በጭጋግ ሣለው? እዚህም ዘንድሮ የሃረና ጭጋግ ተራራውን ተሻግሮ ጎባ ላይ ተኝቷል፤ አልነሣም አለ» ሲሉ ጨመሩ። በዚያ ሰሞን በጎባ ሰማዩ የጠራ ነበር። እኛ ግን የሽማግሌ ወግ ነው ብለን ቃላቸውን አለፍነው።

በመጋቢት ወር ከዘመዶቻችን ዘንድ ለክርስትና ተጠርተን ቤተ ሰቡ ሁሉ በመኪና ወደ ዶሎ መና ወረድን። መንገዱ ከጎባ ተነሥቶ በጽድና በኮሶ ዛፍ መካከል ወደ ሳኔቲ አምባ ይወጣል። ሳኔቲ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 4000 ሜትር የሚደርስ፤ ነፋሱ አጥንት የሚሰብር፤ ጅብራው እንደ ዘብ ብቻ ብቻውን የቆመበት ሜዳ ነው። በአጠገቡም 4377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይታያል። ከዚያ አምባው በድንገት ይቆረጥና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሃረና ደን ይወርዳል። ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን እየወጣ ጭጋግ ስለሚሆን፤ መንገደኛ ዘወትር የሚገባው በደመና በር ነው። አስቀድሞ አስታው ከነሽበቱ ይቀበለዋል፤ ሪራ የምትባለውን መንደር ሲያልፍ ኮሶውና ቀርከሃው ይከተላሉ፤ ዝቅ ሲልም ታላላቅ ዛፎች ከላይ ጥላ ሆነው ከሥራቸው ማንም ያልተከለው የዱር ቡና ይገኛል። የአገሩም ሰው በዛፎቹ ላይ ቀፎ ሰቅሎ ማር ይቆርጣል።

የሄድንበት ወቅት ቡናው ያበበበት ነበር። የቡና አበባ እንደ በረዶ ነጭ መሆኑን፤ ሽታውም ከሩቅ እንደሚጣራ የሚያውቅ ያውቀዋል። መኪናውን አቁመን ወረድን፤ እናታችንም ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱና፤ «ቡና አብቧል፤ ተመስገን» አሉ። ልጃችን አንድ ቅርንጫፍ ዝቅ አድርጋ፤ «እማማ፤ ይኸው እዩት» ስትላቸው ግን፤ ወደ ፊታቸው አስጠግተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያም፤ «ምነው እንደ ማር ቢጫ ሆነ? ነጭ አልነበረምን?» ብለው ጠየቁ። ልጃችን ወደ እኛ ዘወር ብላ ተመለከተችን። ባለቤታችንም ዝም አሉ። ከዚያች ሰዓት ወዲህ የጭጋጉን ነገር የሽማግሌ ወግ ነው ማለት አልተቻለንም።

ከተመለስን በኋላ ነገሩን በጥንቃቄ መከታተል ጀመርን። እናታችን በየማለዳው ዳዊት ይደግማሉ፤ መጽሐፉም ዘወትር በእጃቸው ነው። ዳዊት በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ መሆኑ የታወቀ ሲሆን፤ በአንድ ረቡዕ ቀን ቀረብ ብለን ብናይ የተገለጠው የሰኞው ገጽ ነው፤ ከአንደበታቸው የሚወጣው ግን የረቡዕ ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው ስለሚያውቁት፤ ማየት ማቃታቸውን ለማንም ሳይናገሩ መጽሐፉን ይዘው ኖረዋል። በዚህ ነገር ጥፋተኞቹ እኛው ነን። የሌላውን ሰው ምስክርነት በየቀኑ ቃል በቃል ስንጽፍ ውለን፤ በቤታችን እናታችን ሁለት ዓመት ሙሉ የሰጡንን የምስክር ቃል ሳንመዘግብ ቀርተናል።

በሐኪም ዘንድ ሲመረመሩ በሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ሞራ መውጣቱ ተነገረን። ሐኪሙ እንዳስረዱን፤ በዓይን ውስጥ እንደ ጠራ መስተዋት ሆኖ ብርሃንን የሚያሳልፍ ክፍል አለ። ይህ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ በእርጅና ምክንያት እየደፈረሰ ይሄዳል፤ በዚያን ጊዜ ሁሉ ነገር በጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስላል፤ ነጩ ቢጫ ይሆናል፤ ሰማያዊውም ይጠፋል። በአገራችን ከዓይነ ስውርነት ምክንያቶች ሁሉ ዋነኛው ይኸው የዓይን ሞራ ሲሆን፤ በቀዶ ጥገና ሊመለስ የሚችል ነው። እናታችን ግን፤ «እግዚአብሔር የሠራውን ዓይን በስለት አላስነካም፤ የቀረኝን እድሜ በቀረኝ ብርሃን እጨርሰዋለሁ» ብለው እምቢ አሉ። የነፍስ አባታቸውም፤ ወንድሞቻችንም ለመኗቸው፤ አልሆነም።

በመጨረሻ የረዳን ያው በግድግዳችን ላይ ያለው ሥዕል ነው። ሙሴ ሞኔም በ1912 ዓ.ም. ሐኪሞች በሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ሞራ መኖሩን ነግረውት ነበርና። ልጃችን በእርጅናው ዘመን የሣላቸውን ሥዕሎች ቅጂ አምጥታ አሳየችን። ያ ድልድይ ነው፤ ያ ኩሬ ነው፤ ነገር ግን አረንጓዴው ጠፍቶ እንደ እሳትና እንደ ዝገት ሆኗል፤ ድልድዩም ከቅጠሉ ሊለይ አይችልም። ሠዓሊው በዓይኑ ስለማይተማመን ቀለሙን የሚያውቀው በቱቦው ላይ ከተጻፈው ስምና በገበታው ላይ ከሚያኖርበት ተራ ነበር። ቀዶ ጥገናውን ግን ፈራ፤ ከዳነ በኋላ ቀለም የሚለይበት ዓይኑ እንዳይለወጥበት ይሰጋ ነበርና። ሐኪምም የፈረንሣይ ጠቅላይ ሚኒስትርም የነበረው ወዳጁ ክሌማንሶ አጥብቆ ስለ መከረው፤ በጥር ወር 1923 ዓ.ም. ቀኝ ዓይኑን ተሠራ።

ይህን ለእናታችን ባነበብንላቸው ጊዜ ሁለት ነገር ጠየቁን። የመጀመሪያው፤ «ከተሠራ በኋላ አበባውን አየ?» የሚል ነበር። እኛም ሳንሸሽግ እውነቱን ነገርናቸው። በዚያ ዘመን የደፈረሰውን ክፍል አውጥተው በምትኩ የሚያስገቡት ነገር አልነበራቸውም፤ ስለዚህ በሽተኛው ብዙ ቀን ሳይንቀሳቀስ ከተኛ በኋላ ወፍራም መነጽር ማድረግ ነበረበት። ሞኔም በመጀመሪያ ሁሉ ነገር ሰማያዊ ሆነብኝ ብሎ ተቆጣ፤ ተስፋም ቆረጠ። በኋላ ግን መነጽሩ ሲስተካከልለት ወደ ሥራው ተመለሰ። ሰው ሠራሽ ምትክ በዓይን ውስጥ ማስገባት የተጀመረው በ1949 ዓ.ም. ሀሮልድ ሪድሊ በሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እጅ ነው፤ ዛሬ ሥራው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ሁለተኛው ጥያቄያቸው፤ «ከሰማ በኋላ ስንት ዓመት ፈርቶ ቆየ?» የሚል ነበር። 11 ዓመት አልናቸው። እናታችንም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፤ «እኔ 11 ዓመት የለኝም፤ ልጆቼ፤ ውሰዱኝ» አሉ።

በሰኔ ወር በባሌ ከሚገኙት ሆስፒታሎች በአንዱ ቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። በማግሥቱ ፋሻው ሲፈታ ሁላችንም ከአልጋው አጠገብ ቆመን ነበር። አስቀድመው የተመለከቱት የእኛን ፊት አልነበረም፤ የአስታማሚዋን ልብስና የመስኮቱን ሰማይ ነበር። «ይህ ሁሉ ሰማያዊ የት ነበር?» አሉ። ቀጥለውም ወደ እኛ ዘወር ብለው፤ «አንተም ሸብተሃል፤ ማንም አልነገረኝም» ሲሉን፤ ሳቅና እንባ ተቀላቀለብን።

ከጎባ ቤታችን ከገቡ በኋላ በቀጥታ የሄዱት ወደ ጓሮ ነው። ጤና አዳሙን፤ ጎመኑን፤ በአጥሩ ሥር ያለውን ጽጌረዳ ተራ በተራ እየነኩ ተመለከቱ። ከዚያም ምርኩዛቸውን ተክለው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አረም ሲወርሰው ቤት ውስጥ ሰው አልነበረምን? ብለው ሁላችንንም ገሠጹን። በማግሥቱ ማለዳ ልጃችንና ባለቤታችን መኮትኮቻ ይዘው ወጡ፤ እኛም ከመሥሪያ ቤት በፊት አንድ ሰዓት ያህል እናግዛቸው ጀመር። ወደ ሥዕሉም ተመልሰው ፊት ለፊቱ ቆሙና፤ «ጭጋግ አልነበረውም፤ አበባው ነጭ ነው» ብለው ፈረዱ። ግራ ዓይናቸውም በመጪው ጥቅምት ይሠራል።

ሙሴ ሞኔ በ86 ዓመቱ በታኅሣሥ ወር 1926 ዓ.ም. ሞተ። የአንደኛው ዓለም ጦርነት በቆመ ማግሥት፤ ስለ ሰላሙ መታሰቢያ የኩሬውን ሥዕሎች ለአገሩ መንግሥት እንደሚሰጥ ለወዳጁ ለክሌማንሶ ጽፎ ነበር። በድኖ የነበረው ዓይኑ ከተሠራ በኋላ ያለፈባቸው እነዚያ ታላላቅ ሥዕሎች፤ ቁመታቸው ወደ ሁለት ሜትር፤ ርዝመታቸውም ሲደመር 90 ሜትር ያህል ሆነው፤ በግንቦት ወር 1927 ዓ.ም. በፓሪስ በኦራንዠሪ አዳራሽ ለሕዝብ ተገለጡ። በዚያን ዘመን የአገራችን ሰው አቶ አገኘሁ እንግዳ በዚያችው ከተማ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ይማሩ ነበር። እሳቸውም፤ ከእሳቸውም በኋላ በአለ ፈለገ ሰላም የተቋቋመው የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያፈራቸው ሠዓሊዎች፤ ዓይን ላለው ሰው የኢትዮጵያ ምድር ስንት መልክ እንዳለው አሳይተውናል።

ሃረናም ሠዓሊዎቹን ይጠብቃል። ሃረናን በክልሉ የያዘው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህ ክብር ነው፤ ነገር ግን ለአንዲት ኩሬ ስድስት አትክልተኛ ካስፈለገ፤ ማንም ያልተከለው ይህ ታላቅ የአታክልት ሥፍራ ከእሳትና ከምንጣሮ የሚጠብቁት ስንት ሰዎች እንደሚያስፈልጉት ክቡራን አንባቢዎቻችን ራሳቸው ይመዝኑት። ያልጠበቅነውን ልንሥለው አንችልም፤ ልጆቻችንም ሊያዩት አይችሉም።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ምክር አጭር ነው። በግቢያችሁ ትንሽም ቢሆን የአታክልት ሥፍራ ይኑራችሁ፤ ልጆቻችሁም በየማለዳው አንዲቱን ተክል እንዲመለከቱና ያዩትን እንዲነግሯችሁ አስለምዷቸው። ከሁሉም በላይ ግን፤ እናት ወይም አባት ዘንድሮ ጭጋጉ አልነሣ አለ ብለው በተናገሩ ጊዜ፤ ወደ ሰማይ ከመመልከት አስቀድማችሁ ወደ ዓይናቸው ተመልከቱ።